አካፋውን የነቀለች

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? ካለህበት ከግሮኒንገን የሚመጡት ባለ ጀልባዎች ደህና መሆንህን ነግረውኝ ደስ ብሎኛል። እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያደረሱልህን አባባን መጀመሪያ ሾርባ ስጣቸው፣ እግራቸውንም ያሙቁ። ስለ እኔ ክፉ ቢናገሩ አትቆጣቸው፤ እውነታቸውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕሩ ግድብ የመጸው ፍተሻ ሲደርስ የግድቡ ዳኛ ሲኮ እያንዳንዱ ገበሬ የሚጠግነውን የግድብ ድርሻ እየረገጠ መጣ። የእኛ ድርሻ ላይ ሲደርስ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። «ይሄ ግድብ ነው ወይስ ገንፎ?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አባባ ግን አልሳቁም። ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ጭቃ መሸከም እንዳቃታቸው ታውቃለህ፤ ና ብዬ ብልክብህም አልመጣህም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል።

አባባ አካፋቸውን ግድቡ ላይ ተከሉት። የመንደራችንን ሕግ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ አካፋውን የተከለ ቤቱንና መሬቱን ትቶ ከነቤተሰቡ ይወጣል፤ የነቀለው ደግሞ መሬቱን ከነግድቡ ዕዳ ይወስዳል። እኔ ያልጠበቅሁት የሚነቅለው ሰው መጥፋቱን ነው።

ያ ጎረቤታችን ኡቦ፣ ስንት ዘመን በግጦሻችን ሲጎመጅ የኖረው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። «መንደሩ ግማሹን ጭቃ ይሸከምልኝ፣ ያኔ እነቅለዋለሁ» አለ። ሌሎቹ «አንተ ወተቱን ልትጠጣ፣ እኛ ጭቃ ልንሸከም? ብልጥ ነህ!» አሉት። ክርክሩ ቀጠለ። ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ባሕሩን ወደ እኛ እየገፋ ነበር። ይህ ባሕር አያቶቻችንን ስንት ጊዜ ከነከብቶቻቸው እንደወሰደ እያወቁ፣ ሊናድ በደረሰ ግድብ ላይ ቆመው እንደ ገበያተኛ ይከራከራሉ! ደሜ ፈላ። ሄድኩና ነቀልኩት።

ኡቦ «ደግሞ ብሎ ብሎ ግድብ በቀሚስ ሊጠበቅ ነው?» ብሎ አሽሟጠጠ። አሮጊቷ ሂለ «ውሃው ሱሪ አይቶ ነው እንዴ የሚመለሰው?» ብላ አፉን ዘጋችልኝ። ሲኮ ግን ፊቱ አልተፈታም። በሕጉ ከሚወጣው ሰው ቤት የሆነ መንቀል አይችልም። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ከጥምቀቴ ጀምሮ እያወቀኝ። መውጫ ሊሰጠኝ ይሁን ሊያሳፍረኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አባባ አጠገቤ ቆመዋል። «የማንም አይደለሁም፤ እኚህ ሰው አባቴ አይደሉም» አልኩ።

ሲኮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ መሬቱም የእኔ ሆነ። አባባ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም፤ ይኸው አሁን ጀልባው ላይ ወጥተው ደብዳቤዬን ሲጠብቁ እንኳ እጄን አልያዙም። ልቤ ተሰብሯል ወንድሜ። ቢሆንም ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቃ እሸከማለሁ። ሂለ ጭቃው እንዳይታጠብ ግድቡን የማለብስበትን ገለባ ትጎነጉንልኛለች። ትናንት ከግድቡ ግርጌ፣ በእኛ በኩል፣ ውሃ ሲመነጭ አገኘሁ። የዝናብ መስሎኝ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። ሲኮ ሰው እሰበስባለሁ ብሎኛል። ጨረቃዋ ግን ልትሞላ ነው፤ ባሕሩም አብሯት ይሞላል።

ላሚቱን ከአባባ ጋር ልኬልሃለሁ። የእናታችንን መጽሐፍ ቅዱስና እኔና አንተ ያደግንበትን የሕፃን አልጋም ጭኜዋለሁ፤ ለልጅህ ይሁን። ለእኔ ቤቱን አጣበውብኝ ነበር። እናንተ ዘንድ መሬቱ ከፍ ያለ ነው፣ ላሚቱ ይስማማታል። መልሰህ አትላካት።

ጌታ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ የአባባንም ወገብ ያበርታልን። ስለ እኔ አይጠይቁህ ይሆናል። ስለ ግድቡ ግን መጠየቃቸው አይቀርም። ደረቅ ነው በላቸው።

ግድቡ ላይ ያልኩት ምንም ይሁን ምን፣
እህትህ