የታችኛው መደርደሪያ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበር። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽስ አሁንም ቴሌቪዥን ፊት እያንኮራፋ «አልተኛሁም» ይላል? እኔ ከእጄ ቁስል በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ግን ደህና ናት ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ወደ ጎን ጠራኝና፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ካላችሁ አሁኑኑ ጥሩት አለኝ። ሩቅ ያለ ዘመዳችን አንቺ ብቻ ነሽ።

በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር። ግን ቤቱን ባነሳሁብሽ ቁጥር «ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» ትይና ትዘጊብኛለሽ። እስከ ዛሬ ስንት ድስት አረረብሽ? ሥራ ሲቀልልኝ እመጣለሁ ስትይም ስንት ዓመትሽ። አይዞሽ፣ ልጣላሽ አይደለም የጻፍኩት። ደብዳቤ እንደ ስልክ መሃል ላይ አይዘጋም ብዬ ነው፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከኩሽናው ካቢኔት ነው። የዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው በር አልዘጋ ብሎ ሲያስቸግረኝ ከረመ። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ሳብ ሳደርገው ማጠፊያው ተነቀለና በሩ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡን ባይ ጉድ ነው። ወለሉ አብጧል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ እርጥበቱም አጠገቡ ያለው አባዬ የሠራው ረጅሙ ካቢኔት ድረስ ዘልቋል። ሽታው የሻጋታ ሽታ አይደለም። እማዬ ገና ከአልጋዋ ሆና «በርሜል ውስጥ የሰነበተ ውሃ ሸተተኝ» አለች። እኔማ የበርሜል ውሃ ሽታ ከየት አውቄ? ውሃ ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ በርሜል ሲሞላ እኛ በጠርሙስ ብቻ ስናጠራቅም ኖርን። እማዬ በርሜል እቤቴ አይገባም ስትል ግትርነቷ ይመስለኝ ነበር።

የሰፈራችንን ቧንቧ ሠሪ አስጠራሁ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ሰው ነው፤ «አንዲት ጠብታ አታመልጠኝም» እያለ ስለሚፎክር ጋሼ ጠብታ እንለዋለን። ወሬ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል። ማጠቢያው ሥር ተጋድሞ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች በሶፍት ጠረገው፤ ሶፍቱ ደረቅ ነው። ለማንኛውም ብሎ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሲመለስ የካቢኔቱ ወለል ውሃ አቁሯል። ጣሪያው ደረቅ፣ የግድግዳው ጀርባ ደረቅ። ጋሼ ጠብታ ጣቱን ነክሮ አሸተተና፣ «ልጄ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ አይደለም» አለኝና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ፒንሳውን ረስቶት ሄዷል፤ ና ውሰድ ብዬ ብልክበት እዚያው ይሁን ብሎ መለሰልኝ።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥልኝም። የረጠበ እንጨት ይወጣል፣ በደረቅ ይተካል፣ አለቀ። መጋዝ ያስያዘኝም ራሱ አባዬ ነው። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና በሮቹን ነቅዬ፣ መደርደሪያዎቹን አውርጄ፣ ያበጠውን ወለል በመዶሻ ጭራ ፈነቃቅዬ አወጣሁት። ከሰጋቱራ የተጠፈጠፈው ችፑድ እንደ ራሰ ዳቦ እጄ ላይ ይፈረፈራል። የአባዬ ካቢኔት ግን ጣውላ ስለሆነ ውሃ ቢጠጣም አልፈረሰም። እማዬ ደግፈሽ ወንበር ላይ አስቀምጪኝ ብላኝ፣ በር ላይ ሆና ስሠራ ታየኛለች። በየመሃሉ «ቀስ በይ፣ ቀስ» ትላለች። ለእኔ ይሁን ለጣውላው አላወቅኩም።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለራሱ ቤት ሲሠራ ሜትር አይዝም ነበር፤ ትዝ ይልሻል? «ሜትር ለደንበኛ ነው» ይላል። እያንዳንዳችንን ካቢኔቱ አጠገብ ያቆምና እጅሽን ዘርጊ ብሎ፣ መዳፋችን የደረሰበት ቦታ ላይ ዙሪያውን በእርሳስ ይሥለዋል። መደርደሪያው የሚገባው እዚያ ነው። የላይኛው የእማዬ፣ የመሃለኛው ያንቺ፣ የታችኛው የእኔ። ካደግንም በኋላ ወይ ፍንክች አለ። ይሄን ሁሉ ረዝሜ እስከ ዛሬ ኩባያዬን የማነሳው ጎንበስ ብዬ ነው።

እንግዲህ ውሃው በካቢኔቱ ጎን ላይ ሲወጣ ሲወጣ መጥቶ፣ ከእኔ መደርደሪያ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቆሟል። ዙሪያውን በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ከዚያ በላይ አንድም እርጥብ ቦታ የለም። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው፣ ልክ መስመሩ ላይ በስቱኮ የተደፈነ ነገር አገኘሁ። በቢላ ጫፍ ፈልፍዬ ባወጣው መደርደሪያ የሚያርፍበት ቀዳዳ ነው፣ በግራም በቀኝም። እንዳንቺና እንደ እማዬ መደርደሪያ ቀዳዳ በመሮ የተቆረጠ ነው። የእኔ ብቻ ነው በድሪል የተበሳው፤ ካቢኔቱ የተሠራው እኔ ሳልወለድ ስለሆነ የእኔ በኋላ የተጨመረ ነው። ይሄኛው ታዲያ ከእኔ ይቀድማል። ያንቺ እንዳልል ያንቺ መሃል ላይ አለ።

ከአንደኛው ቀዳዳ ሥር መዳፍ አለ። ግድግዳ ይዞ መቆም የጀመረ ሕፃን መዳፍ፣ በአባዬ ወፍራም እርሳስ የተሣለ። ምናልባት ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወት ሥሎት ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ጎኑን ፈትቼ ፀሐይ ላይ አወጣሁትና እስኪደርቅ ቀናት ተውኩት። ጣውላው በሙሉ ደረቀ። መዳፉን ስነካው ግን እርጥብ ነው፤ ደግሞ ይቀዘቅዛል። መሮ እንደያዝኩ ወደ ኋላ ስሸሽ ነው እጄን የቆረጥኩት። እታለም፣ በጣም ፈራሁ፤ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢያችን መሃል ቆሜ ፈራሁ።

እማዬን ጠየቅኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር፤ ምንም አልመሰላትም። ጣውላውን አስጠግቼ ሳሳያት ብዙ አየችው፣ በጣቷም ዳሰሰችው። «መደርደሪያውን መልሺለት» አለችኝ። ለማን ነው የምመልሰው ብላት፣ እህትሽ ደወለች ወይ ብላ ሌላ ወሬ አመጣች።

ሠራሁለት። ሳቂብኝ ከፈለግሽ። ከተረፈው ጣውላ ቆርጬ፣ በመላጊያ አስተካክዬ፣ ጠርዙን እጅ እንዳይወጋ ድቡልቡል አድርጌ አለሰለስኩት። ለማን እጅ ነው የምጠነቀቀው እያልኩ ነው የሠራሁት። ኮላው ሲደርቅ ካቢኔቱን መልሼ ገጠምኩ፣ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ በሮቹን በአዲስ ማጠፊያ ሰቀልኩ። ካላመንሽ መጥተሽ እይው፣ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ውሃው ቀረ። ሽታውም ጠፋ። ግን ጠዋት በሩን ስከፍት ኩባያዬ ከእኔ መደርደሪያ ወርዶ አዲሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ አፉ እርጥብ ሆኖ። እማዬ ናት እንዳልል ካልደገፍኳት ከአልጋ አትወርድም። ድመት የለንም። መጀመሪያ መጀመሪያ ወደ ቦታው እመልሰው ነበር፤ አሁን ትቼለት ለራሴ ሌላ ገዝቻለሁ።

ትናንት ከሰዓት እማዬ ፊቷ ፈካ ብሎ ዋለ። ወረቀት አምጪ፣ የምልሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ለእህትሽ ጻፊላት አለችኝ። ያለችው ይሄውልሽ፦

«ወንድምሽ የገባበትን የኩሽናውን በርሜል ክዳን ሳልገጥም የሄድኩት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ወንድምሽን ጠብቂው ብዬሽ መውጣቴም የእኔ ጥፋት ነው፤ አንቺ ራስሽ ገና ዕቃ ለማጠብ ወንበር ላይ የምትቆሚ ልጅ ነበርሽ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አባትሽ ያውቅ ነበር። አንቺ በራስሽ እንደፈረድሽ የገባኝ ኩሽና አልገባም ስትይ ነው፤ ያኔም ልነግርሽ ስል አፌ ተያዘ። ነይ ልጄ። እሱም አልተቀየመሽም።»

እንዳለችኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩት። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አድገን ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽው ኖርሽ? እኔ የኩሽናው በር ላይ ቆመሽ ውሃ አቀብዪኝ ስትይኝ ስንፍናሽ ይመስለኝ ነበር። ተናደድኩብሽም፣ አለቀስኩልሽም። በማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ እስካሁን አልለየሁም።

ይሄን ስጽፍልሽ ገና አልመሸም። እማዬ አጠገቤ ተጋድማለች። ኩሽና ውስጥ ማጠፊያው ሲጥ ሲል ሰማሁት፤ አዲስ ስለሆነ ድምፅ አለው። ተነስቼ ልየው አልኩና ተውኩት። እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እኔን በማታናግርበት ድምፅ፣ ልጅ በሚባበልበት ድምፅ፣ «ትመጣለች። እሷን አይቼ እንሄዳለን» አለች።

ስለዚህ ሥራው ሲቀል አትበይኝ፤ ይሄ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ተነሺ። ካልሆነልሽ እንኳ ደውይና ድምፅሽን አሰሚያት፣ ድስቱ ይረር። የወንድማችንን ስም ማንም አልነገረኝም፣ እማዬንም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አንቺ ትነግሪኛለሽ። እዚህ አብሬው እየዋልኩ በምን እንደምጠራው አላውቅም።

መንገዱን ያቅናልሽ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ልጆችሽን ከዓይንሽ ሥር አያጥፋብሽ። የእማዬን እጅ ሙቀቱ ሳለ ለመያዝ ያብቃሽ።

ከሦስታችን የመጨረሻዋ፣
ታናሽ እህትሽ