ያልተሰነጠቀው የራስ ቁርና የወንድሜ ጭንቅላት

ለክቡር የትጥቅ ጥራት ፍተሻ መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ በዚህ ብርድ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኔ በመምሪያዎ የፍተሻ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የራስ ቁር ስፈትን የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ፤ በመልክ ባያውቁኝም በየወሩ ከሚያጸድቁት ወረቀት ግርጌ ያለችው ትንሽ ፊርማ የእኔ ናት። በአደባባይ መጻፌም በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እዚያው እንቅልፍ ስለጣላቸውና እነሱን መቀስቀስ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሞርታር አስተማሪ ነው። ባለፈው የውርጭ ወር ተራራ ላይ በልምምድ ሳሉ ቅምቡላ አጠገቡ ፈንድቶ አንሥቶ ከድንጋይ ጋር አላተመው። የራስ ቁሩ አልተሰነጠቀም። የሕክምና ቦርዱም ቁሩ ደህና ከሆነ ከሥሩ ያለውም ደህና ነው ብሎ ሰኞ ወደዚያው ተራራ እንዲመለስ ወስኗል። ጭንቀቴ ይኸው ነው፤ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ክፍላችን ሙቀት ከልብ አመሰግናለሁ። የምንፈትነው እኛ ሠራተኞቹ «አጅሬ» በምንለው የብረት ጭንቅላት ላይ ነው፤ ቁሩን አጥልቀንለት ከከፍታ እንለቀዋለን፤ ውስጡ ያለው መለኪያም ምን ያህል እንደተናጠ ይነግረናል። አጅሬ ታዲያ ውርጭ የሚባል ነገር አያውቅም። እኛ እንዳይበርደን ማሞቂያው ከጠዋት ይለኮሳል፣ ቁሮቹም አጠገቡ ይደረደራሉ፣ የውስጥ ስፖንጃቸውም እንደ ትራስ ይለሰልሳል። ተራራ ላይ ያው ስፖንጅ እንደ ከረመ ሳሙና ይደርቃል።

፪ኛ. ቦርዱ ላሳየው ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ቁሩን አገላብጠው፣ መስኮት አስጠግተው፣ ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው ሩብ ሰዓት ሙሉ መረመሩት፤ ወንድሜን ግን ስሙንና ማዕረጉን ጠይቀው አሰናበቱት። ስሙን መቼ ረሳ፤ የረሳው የልጁን ስም ነው። የስድስት ዓመት ልጁን «አንቺ» እያለ ይጠራታል፤ እሷም የተቆጣት እየመሰላት ትሸሸዋለች። የድስት ክዳን ሲወድቅ ጠረጴዛ ሥር ይገባና ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው ይላል። በቀደም ደግሞ፣ እትዬ፣ እንደ ድሮዬ እሆን ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። 

፫ኛ. ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። በወንድሜ ቁር ውስጥ ያለውን የምርት ምድብ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩት፤ አልፏል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማሞቂያውንም የምለኩሰው እኔው ነኝ፤ ብርድ አልወድም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቁሩን የሚያደርገው ሰው የት ይውል ይሆን ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። እርስዎን ልወቅስ ስል አፌ የሚተሳሰረው ለዚህ ነው።

፬ኛ. ባለፈው ማክሰኞ ከዚያው ምድብ አምስት ቁሮች ያለ ፈቃድ ውጭ አሳድሬ ማሞቂያውን ሳልለኩስ ፈተንኳቸው። አራቱ አላለፉም፤ መለኪያው ከተፈቀደው በላይ መናጥ አሳየ። አንዳቸውም ግን አልተሰነጠቁም። የክፍል ኃላፊያችን ውጤቱን አይተው፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ስለነበር ፈተናው ልክ አይደለም፣ ሞቅ አድርገሽ ድገሚው አሉኝ። ለዚህ ጥልቅ ምክራቸው ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ለጊዜው ግን አልደገምኩትም፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ስለዚህ ሰኞ ሳይደርስ ወንድሜን ቁር ሳይሆን ጭንቅላት የሚያውቅ ሐኪም እንዲያየው፣ የዚያ ምድብ ቁሮችም ከተራራው ላይ ካሉት ልጆች ራስ ላይ እንዲሰበሰቡ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ በስልክ ብቻ ያዝዙልኝ ዘንድ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

እስከ ሰኞ ድረስ መልካሙን ሁሉ የምመኝልዎ፣
ታዛዥዎ የነበርኩት የራስ ቁር ፈታኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለወንድሜ እንዲያነበው ሰጥቼው ነበር። አራተኛው መስመር ላይ ፊደሎቹ ተንቀሳቀሱብኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከየት እንደጀመረም ጠፋው። ክቡርነትዎ እዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ሰኞ ወደ ተራራው ለመውጣት ከእሱ ይልቅ ብቁ እርስዎ ነዎት፤ ቁር እንዳይቸግርዎ፣ እኔ የፈረምኩባቸው ሞልተዋል።