በለሱን ባዶ መሬት አላልኩትም

ሰኞ፣ ግንቦት 4

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩ ከመስኮቴ ሥር ነው… ሻዩ እንኳ ናፍጣ ናፍጣ አለኝ። መስኮቱን ስዘጋ ሙቀት፣ ስከፍት ጭስ።

ዛሬ ሁለት ሺህ ምናምን ፎቶ አየሁ። ሁሉም ከሳተላይት የተነሳ ተራራ ነው። ማሽኑ ዛፍ ነው ባለው ላይ ቢጫ ክብ ያደርጋል፤ እኔ ልክ ነው ወይ አይደለም እላለሁ። ያ ትልቁ የውጭ ኩባንያ ኮምፒውተሮቹ ለሚፈጁት መብራት ማካካሻ እዚህ ትግራይ ዛፍ አስተክላለሁ ይላል። እኛ ደግሞ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆነን እንቆጥርለታለን። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ሰዳም፣ የወሎ ልጅ ነው፣ "ዛፉን በናፍጣ እየቆጠርን ነው፤ እንዳይሰማን" አለ። ማንም አልሳቀም። እኔም… ዓይኔ ደክሟል።

ዮሃና "ምን ትጽፊያለሽ?" አለችኝ። ልጄ አማርኛ ማንበብ አይሆንላትም። ኮምቦልቻ ማደጌ ለዚህ በጀኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ዓወት ሰበሰበን። አለቃችን ነው፤ በዕድሜ ታናሼ፣ ግን ጨዋ ሰው። የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ወጥቷል፤ እየተረጎመ አነበበልን። የፈጁት መብራት ካቻምና ከነበረው በሲሶ ጨምሯል። ምክንያት? ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ታዲያ መፍትሔው? እሱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት… ዛፉን በተሻለ ፍጥነት ይቆጥርልናል።

ሰዳም በሹክሹክታ፦ "በላተኛውም እሱ፣ ቆጣሪውም እሱ።"

ከሐምሌ ጀምሮ ማሽኑ ብቻውን ይቆጥራል። ከአሥራ አራታችን ሦስት ሰው ብቻ ይቀራል። ስንወጣ ዓወት ወደ ጎን ወስዶ "አንቺ ከሦስቱ ነሽ፤ ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሪፖርቱ ጀርባ "ሙሉ" የተባሉ ተራሮች ዝርዝር አለ። ሙሉ ማለት ዛፉ በቅቷል፣ ከእንግዲህ ችግኝ አይላክም፣ ጥበቃም አያስፈልግም ማለት ነው። ሦስተኛው ከቁሓ ጀርባ ያለው ነው። አጎቴ ኣቦይ ጎደፋ የሚጠብቁት ተራራ። ዘጠና ሁለት በመቶ ጸድቋል ይላል።

ምኑ? ለፋሲካ እዚያ ነበርኩ እኮ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቁሓ ሄድኩ። ኣቦይ ጎደፋ የእናቴ ወንድም ናቸው። ተራራው ሕዛእቲ ነው፤ ከብት አይገባበትም፣ ሣሩንም ሰው በማጭድ አጭዶ ነው የሚወስደው። እሳቸው ይጠብቁታል።

ድሮ የተተከለው ጥድና ወይራ ወገብ ደርሶ ነበር። በከበባው ጊዜ አለቀ። መብራት የለ፣ ጋዝ የለ… ቆርጠን አነደድነው። እኔም ሁለት ቀን ተሸክሜ ወርጃለሁ። ለዮሃና በእሱ ንፍሮ ቀቀልኩላት። ስለዚህ ነገር ከኣቦይ ጋር አንስተን አናውቅም።

አሁን የቀረው በለስ፣ እሾሃሙ ቁልቋል ብቻ ነው፤ በመሃሉ ጉድጓዱ ተዘጋጅቷል። የሰፈሩ ሰው በነጻ ጉልበቱ ሃያ ቀን ቆፍሮ ሦስት ሺህ አድርሶታል። እርከን ለእርከን ይዘውኝ ዞሩ። "እጅሽን ክተቺ፣ ጥልቀቱን እዪ" አሉኝ። ከተትኩ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ከነሱ ጋር ነሽ። ችግኙ መቼ ነው የሚመጣው?"

እጠይቃለሁ አልኳቸው። ፈሪ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የድሮዎቹን ፎቶዎች ከፈትኩ፤ ማሽኑን ስናስተምር የነበሩትን። በእኔ እጅ የተሞሉ።

ያኔ ምርጫው ሦስት ነበር፦ ዛፍ፣ ቤት፣ ባዶ መሬት። ፎቶው የሚነሳው በበጋ ነው፤ ሣር ሲደርቅ ዛፉ ይለያል ብለው። በበጋ ግን በለስም አረንጓዴ ነው። በላዩ ሁሉ ዛፍ ብያለሁ። ሁሉም ላይ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ጣቴን ባዶ መሬት የሚለው ላይ አደረግሁ… አልሆነልኝም። በከበባው ክረምት ጠዋትም ማታም በለስ ነበር የምንበላው። የዮሃና ከንፈር በእሾሁ አብጦ ነበር። እሱን እንዴት ባዶ ልበለው?

ፍሬወይኒን ጠየቅኋት፤ ከፊት ለፊቴ ነው የምትሠራው። ስክሪኗን እያየች "እኔም" አለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ሳንነጋገር።

በለሱን ባዶ መሬት ብሎ የሞላ ሰዳም ብቻ ነው። መቀሌ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። "ከሁላችሁም ስለተለየሁ ስህተት በዛብህ ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ" አለ። ልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

እና ማሽኑ ከእኛ ተማረ። ዝም ካልኩ ችግኝ አይመጣም፣ ጉድጓዱን ጎርፍ ይደፍነዋል። ከተናገርኩ ስህተቱ የእኔ ነው… ከሦስቱ መሆኔም ይቀራል።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ነገርኩት። ዓወት እስክጨርስ ሰማኝ፤ ከዚያ በሩን ዘጋ።

"ይሄንን ከላክሁ ከስምሽ ጋር ነው የሚሄደው።"

"ይሂድ።"

"ልጅ አለሽ እኮ ኣስካል።"

"ዝናቡ አንድ ወር ነው የቀረው።"

አብረን ጻፍነው። በለስ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጎ አገኘ። ለምን ዛፍ እንዳልን ግን እንዴት ተደርጎ ይጻፋል? "የአካባቢ ልምድ" ብሎ አለፈው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

መልስ መጣ። ስለ ትጋቴ ያመሰግናሉ። ሪፖርቱ ስለወጣ ቁጥሩ እስከሚቀጥለው በጋ ፎቶ ድረስ አይቀነስም። መመሪያው ግን ተሻሽሏል፤ አራተኛ ምርጫ ተጨምሯል፦ "ሌላ አረንጓዴ"። ካርቦን ስለሚይዝ እሱም ይቆጠራል።

ስለዚህ ተራራው አሁንም ሙሉ ነው። እንዲያውም ዘጠና አምስት በመቶ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ልገባ ስሞክር የይለፍ ቃሌ አልሠራም። ዓወት ዓይኔን ማየት አልቻለም። በእሱ አልተናደድኩም። በማን እንደምናደድ ባውቅ ጥሩ ነበር… መናደዱንስ ተናድጃለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ለኣቦይ ጎደፋ ሁሉንም ነገርኳቸው። ችግኝ እንደማይመጣ፣ ጥበቃውም እንደሚቆም። ያደረግሁትንም።

"ታዲያ በለሱን ምን ልትዪው ነበር?" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ያን ጊዜ እንጨቱን ስትሸከሚ አይቼሻለሁ። ፊቴን ያዞርኩት እንዳታፍሪ ብዬ ነው።"

ማልቀስ አልፈለግሁም ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ቢሮ ከቀረሁ ወር ሊሞላኝ ነው። ሰዳምም ከሥራ ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት እንዳ ኢየሱስ አካባቢ አንድ ችግኝ ጣቢያ አገኘ፤ ለዚያው ተራራ ተብሎ የፈላ ወይራ ነበረ፣ ወሳጅ አጥቶ ሥሩ ከላስቲኩ ወጥቶ መሬት ሊይዝ ደርሷል። ዘበኛው "ካልወሰዳችሁት ይጣላል" አለው።

በጋሪ ሁለት ምልልስ ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ ተከልን፤ ኣቦይ ጎደፋ፣ ሰዳም፣ እኔ፣ ዮሃና። ጎረቤቶችም መጡ። የኣቦይ የጥበቃ ሥራ ከቆመ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ግን ዱላቸውን ይዘው ከብት ሲመልሱ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ አባረረን። አብዛኛው ጉድጓድ ባዶውን ቀረ።

ሰዳም ከላይኛው እርከን ሆኖ በስልኩ ፎቶ አነሳ። አየነው። በለስ፣ ድንጋይና ጭቃ ብቻ። ስንዝር የማትሞላ ችግኝ ከዚያ አትታይም፣ ከሰማይማ ጭራሽ። እስክትታይ ስንት ዓመት? ከብት ካልበላት፣ እኛም ካልቆረጥናት።

ስንወርድ ኣቦይ ጎደፋ ክንዴን ይዘው "ስንት ተከልን፣ ጓለይ?" አሉኝ።

አልቆጠርኩም አልኳቸው።