በደብዳቤው ግርጌ ያለችው እጅ

እታለሜ፣ ሰላምታዬ ከመዶሻዬ ድምፅ ቀድሞ ካለሽበት የሰው አገር ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ልጅሽም ደህና ናት።

ሰሞኑን ግን እጄ አላርፍ ብሏል። ሠርቼ የጨረስኩትን የመስኮት ፍርግርግ በመዶሻ ቀጥቅጬ ጣልኩት። ያዘዘኝ ሰውዬ «አበድክ እንዴ?» ቢለኝ አንገቱን አንቄ ከበሩ ጋር አላተምኩት። ገላጋይ ባይደርስ ኖሮ ይህን የምጽፍልሽ ከእስር ቤት ነበር።

ልጅሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ለቀቃት። በሳምንቱ ቁርስ ላይ ኩባያ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። «አንሺው!» አልኳት። «አጎቴ፣ እጄ እንቢ አለኝ» አለች። እያሾፈችብኝ መስሎኝ ቀኝ ክንዷን በጥፊ አጮልኩት። አላለቀሰችም፤ ክንዷን ብቻ አየችው።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ «እጇን የያዘባት ጉንፋኑን ያመጣው ቫይረስ አከርካሪዋ ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ ያንተ ጥፊ አይደለም» አለችኝ። «ታዲያ መቼ ነው የሚተዋት?» ብላት ወረቀቷ ላይ መጻፏን ቀጠለች። የተቀመጥኩበትን ወንበር አንስቼ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ እግሩ ተገነጠለ። በማግስቱ በይጄ መለስኩላት። ብረት መቼም ይበየዳል።

አንቺ አታስቢ። እድገቷን እንድታዪ እንደ ልማዳችን ቀኝ እጇን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩልሽ። ድሮ እርሳሱ ሲኮረኩራት እየሳቀች ትንፈራገጥና መስመሩን ታበላሽብኝ ነበር። የዛሬው አንድም ቦታ አልተወላገደም።

ዓይንሽን እስካይ የሚናፍቅሽ፣
ወንድምሽ