ለተዝካሩ የማልልከው ሜዳይ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 1981 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ በሰው አገር ሰሊጥ አጨዳ እየዋልኩ፣ ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ።

«ለተዝካሩ የአባትሽን ሜዳይ በሰው ላኪልኝ፤ በጓዳም ቢሆን አቅፌው ላልቅስ» ያልሽው ደርሶኛል። አልልከውም፣ እምዬ። ተቆጪኝ፤ ግን ስሚኝ።

አባባ ደርግን ከድተው ከመጡ ወዲህ እዚህ የሚታወቁት በመጋዘን ዘበኛነት ነበር። ሲታመሙ ያስታመመቻቸው ጎረቤታችን ሸጊቱ ናት። እኔ ሥራ ስውል እሷ አፋቸውን እያራሰች፣ ስለሞቱባት ሁለት ልጆቿና ያርሱበት ስለነበረው አንድ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ ታወራላቸው ነበር። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የሕመሙ መስሎኝ!

የሞቱ ዕለት አልቃሿም እሷው ሆነች። እንዳገራችን ደንብ፣ «ሙያውን ንገሪኝ፣ ምን ብዬ ላልቅስለት?» አለችኝ። ከኋላዬ አንዱ ለቀስተኛ «ምስኪን ዘበኛ ምን ሙያ አለው?» ሲል ደሜ ፈላ። ከጆንያ ውስጥ የደበቅነውን የማዕረግ ልብስ ከነሜዳዮቹ አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። «አባቴ ኮሎኔል ነው! ይህችን ትልቋን የተሸለማት ግራር ውሃ የሚባለውን የወንበዴ መንደር ደምስሶ ነው» ብዬ ፎከርኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሸጊቱ ዜማዋን አቋረጠች። የየት አገር ሰው እንደሆነች አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ቀርባ ሜዳዮቹን ወደ ውስጥ አድርጋ ልብሱን አጠፈችው። ከዚያ በጆሮዬ፣ «ደብቂው ልጄ፤ የግራር ውሃ ሰው እዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም» አለችኝ። ተመልሳም እስከ መጨረሻው አለቀሰች። ለማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

በማግሥቱ ገንፎ ይዛ መጥታ በእጇ አጎረሰችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ያደግሁት በዚያ ሜዳይ እንጀራ ነውና ጥፋተኛ ነኝ።

ሜዳዩ የመጣ ጊዜ የደገስሽውን ታስታውሺያለሽ? ጦሩ ነድቶ ካመጣቸው ከብቶች ለእኛ የደረሰውን ቀይ በሬ አሳርደሽ፣ ከቀንዱ ለአባባ ዋንጫ አሠራሽላቸው። ሁለት ዋንጫ ይሁን ብትዪ፣ ያለው አንድ ቀንድ ነው ተባልሽ። እባክሽ፣ ለተዝካሩ ጠላውን በብርጭቆ አቅርቢ። ዋንጫዋን አታውጫት።

ካህናቱ ስም ሲጠሩ የሸጊቱን ልጆችም አስጠሪልኝ። ድፍረቱን ከሰጠኝ ስማቸውን ጠይቄ እልክልሻለሁ።

የአባባን ነፍስ ይማር፤ አንቺንም ጠብቆ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ያሳደግሽኝ ልጅሽ