ከአምፑሉ በፊትም በኋላም፤ የመምህር ላቀው ቢያዝን የሕይወት ታሪክ

በ1925 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት፥ ከማክሰኝት ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር፥ አቶ ቢያዝን ተሰማና ወይዘሮ አበቡ ሀብተሥላሴ ሦስተኛ ልጃቸውን ላቀውን አገኙ። የአቶ ቢያዝን ማሳ ከመስኖው ቦይ መጨረሻ ላይ ነበረ። ከላይ ያሉት ጠልፈው ሲጨርሱ ለእርሳቸው የሚደርሰው ውኃ እግር እንኳ አያርስም። ስለዚህ ላቀው ከፊደል አስቀድመው የተማሩት ይህንኑ ነው፤ ከላይ ያለው ከጠጣ ከታች ላለው ይጎድላል። ይህ ዕውቀት ኋላ ያደረሰባቸው በቦታው ይነገራል።

ፊደልና ዳዊት በደብራቸው ተምረው፥ ቅኔም ጀምረው ሳለ፥ በ1938 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ከተማ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በመምህርነት ሠልጥነው በ1948 ዓ.ም. ሥራ ያዙ። በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ እቴነሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሰብለ ወንጌልን፥ ማሩንና እጅጋየሁን ወለዱ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሩ። ከሁለት ልብስ በላይ አልነበራቸውም፤ አርፍደውም አያውቁም።

የኤሌክትሪክን ትምህርት የሚያስተምሩት በሁለት የባትሪ ድንጋይ፥ በሁለት ትንንሽ አምፑልና በጥቂት ሽቦ ነበር። ሁለቱን አምፑሎች በአንድ ሽቦ ላይ አከታትለው ይገጥሙና፥ ኮረንቲው በፊተኛው ስለሚበላ ለኋለኛው የሚደርሰው ያንሳል ይላሉ። ምሳሌያቸውም የአባታቸው ቦይ ነበረ። በ1971 ዓ.ም. ሸዋረጋ ፋንታሁን የምትባል ከአይከል የመጣች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፥ «ጋሼ፥ ለኋለኛው ካነሰበት ምነው ሁለቱም እኩል በሩ?» ብላ ጠየቀች። መምህር ላቀውም፥ «ዓይንሽ ነው፤ ደኅና አድርገሽ እዪ» ብለው አስቀመጧት። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይኸው ጥያቄ ሲወጣ፥ ከፊተኛው አምፑል በፊት፥ በሁለቱ መካከልና ከኋለኛው በኋላ ኮረንቲው እኩል ነው ብላ ጻፈች። ዜሮ ሰጧት። በዚያው ነጥብ ምክንያት ከማለፊያው ወረደች፤ አባቷም ወደ አይከል መለሷት።

በ1974 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ የመለኪያ መሣሪያዎች በሣጥን መጡ። ኮረንቲ የሚለካው አሜትር ሁለት ነበረ። መምህር ላቀው አንዱን ከአምፑሉ በፊት፥ ሁለተኛውን ከአምፑሉ በኋላ ገጠሙ። ሁለቱም ቀስቶች አንድ ቁጥር ላይ ቆሙ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው አቀያየሩ፤ ያው ነው። ሽቦውን ለወጡ፤ ያው ነው። ሳምንት ሙሉ ምግብ ሳይጥማቸው ሰነበቱ። «ታዲያ አምፑሉ ምን በላ?» እያሉ ቤት ውስጥ ሲዘዋወሩ፥ ከውኃ ወፍጮ ዱቄት አስፈጭተው የተመለሱት ወይዘሮ እቴነሽ፥ «ምን እንዲህ ያደርግዎታል? ወፍጮው ድንጋዩን ባዞረ ከበታቹ ያለው ውኃ ቀነሰ? ያው ውኃ ነው፤ ጉልበቱን ጥሎ ይወርዳል» አሏቸው። መምህር ላቀው ቁጭ አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማሩት ስሕተት መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቁ።

በማግሥቱ ወደ አይከል ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ሊጠይቁ ከቀበሌ ቀረቡ። ሊቀ መንበሩ የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቁ፥ «ስሕተት ለማረም» አሉ። «የማን ስሕተት?» «የእኔ።» «ግለ ሂስ በጽሑፍ ቀርቧል?» «የኮረንቲ ስሕተት ነው።» «እሱማ የመብራት ሠራተኞች ሥራ ነው፤ ጓድ መምህር ምን አገባዎት?» ሦስት ቀን ከተመላለሱ በኋላ ወረቀቱ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ ተጻፈላቸው። ውሸት ነው ብለው አስፋቁት፤ አራተኛም ቀን ተመላለሱ።

አይከል ደርሰው በአቶ ፋንታሁን ደጃፍ ሲቆሙ፥ ሸዋረጋ ወጥታ እጅ ነሣች፤ ግቡ ብትላቸው አልገቡም። «ዓይንሽ ደኅና ነበረ። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ» አሏት። ሸዋረጋም፥ «ጋሼ፥ እናቴ ለዓይንሽ ነው ብላ ሁለት ሱባዔ ጠበል አስጠመቀችኝ'ኮ!» አለች። ወዲያው ደግሞ፥ «ግን አንድ ነገር እስካሁን ግራ ይገባኛል። ኋለኛው አምፑል ሲጨመር ፊተኛው ይደክማል። ኮረንቲው ገና ያልደረሰበትን በምን ዐወቀ?» ስትል ጠየቀች። መምህር ላቀው የሒሳቡን ቀመር ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን ቀመሩ የጠየቀችውን አልመለሰላቸውም። «አላውቅም፥ ልጄ» አሉ። «ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ጠበሉ በቀረልኝ!» ብላ ሳቀች። እርሳቸው አልሳቁም።

ከአይከል እንደ ተመለሱ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ጽፈውና ፈርመው ለትምህርት ቤቱ አቀረቡ፤ ሸዋረጋም በመስከረም አሥረኛ ክፍል ገባች። ዛሬ መምህርት ሸዋረጋ ፋንታሁን በአይከል ሳይንስ ያስተምራሉ። የጠየቁት ጥያቄ ግን መምህር ላቀውን አልለቀቃቸውም። መጽሐፍ አገላበጡ፤ ሰው ጠየቁ። አንዱ ሲያስረዳቸው የገባቸው ይመስላቸዋል፤ አምፑሉን ሲገጥሙ ደግሞ ይጠፋባቸዋል።

በ1980 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ያዛቸው። በሐኪምም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፥ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቤተሰቡን ሰብስበው፥ «በቀብሬ የሚቆመው ሰው ግማሹ ተማሪዬ ነው። እንደ አይከሉ እያንዳንዱ ደጅ ድረስ ልሄድለት አልችልም። ይህ እርማት ሳይነበብ አፈር እንዳታለብሱኝ» ሲሉ አዘዙ።

ስለዚህ ከ1958 እስከ 1974 ዓ.ም. ከእርሳቸው የተማራችሁ ሁሉ ስሙ። ከአምፑሉ በፊትም፥ በመካከልም፥ በኋላም ኮረንቲው እኩል ነው። መምህራችሁ ተሳስተው ነበር። ልጆቻችሁን ስታስጠኑ በዚህ አርሙ።

ጠይቀው ያልተመለሰላቸውን ጌታ በራሱ ዘንድ ይመልስላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከአብርሃም፥ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።