ሳልሞት ላስለቀሱልኝ ደራሲና ፕሮዲዩሰር

ይድረስ ለተከበሩ ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር ለአቶ ጆኒ ኢሉ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ካሜራዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ የመካኒሳ አቦው ደገፋ ገዳ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ሲሆን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም ፍልጤን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ክር በመርፌ ያለ መነጽር አስገባለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል በገዛ እጄ ጻፍኩት እንጂ ማንንም አልለመንኩም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለቅሶዬን በቴሌቪዥን ካሳዩ ወዲህ ነፍስ ይማር ለሚሉኝ ሰዎች ማስረጃ ይሆነኝ ብዬ ነው።

ባለፈው የሕይወት ታሪክዎን ሲያወጉ በቴሌቪዥን ተመለከትኩ። ማንም ሳይረዳኝ ከምንም ተነስቼ እዚህ ደረስኩ ሲሉ ጋዜጠኛዋ ዓይኗን ጠረገች። የመጀመሪያ ቴአትርዎን በእድራችን አዳራሽ ሲያሳዩ ንጉሡ የደረበው ካባ የሟች ባለቤቴ የዘነቡ አልጋ ልብስ፣ የተቀመጠበትም ዙፋን የእኔ ወንበር ነበር፤ ነገር ግን አልጋ ልብስና ወንበር ሰው ስላልሆኑ ማንም አልረዳኝም ማለትዎ ትክክል ነው። ከዚያ ሬዲዮ ገቡ፣ ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ ጻፉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ሰው የሚሞትበት ድራማ ጀመሩና ከጎረቤቴ ከኢሉ ልጅነት ወደ «አንጋፋው» ከፍ አሉ። እንኳን ደስ ያለዎ። አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ደጄን ለቀረጻ ሲጠይቁኝ ያረጀው የቆርቆሮ አጥሬ ለድራማ ያምራል አሉኝ እንጂ የማን ለቅሶ እንደሚለቀስበት አልነገሩኝም። እኔም ጎረምሳና ኮረዳ አጥር ተደግፈው የሚኳረፉበት መስሎኝ ፈቀድኩ። እርስዎ ግን የስቱዲዮ ድምፅ አይጥመኝም ብለው የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ በንቲን አባበሉና፣ ገና ሳይነጋ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ እውነተኛውን ጥሩምባ አስነፉት። የእድሩንም ድንኳን በደጄ ተከሉት። የእኛ ሰፈር ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ድንኳን ወዳለበት ይሮጣል። ድንኳኑ በእኔ ደጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ለኪዳን አቦ ሄጄ ቤቴ የለሁም። እንግዲህ የሞተው ማን ሊሆን ኖሯል?

ሁለተኛ፤ ከኪዳን ስመለስ የራሴን ለቅሶ ደረስኩበት። ጎረቤቴ ሪሐና ደረቷን እየደቃች ጋሻዬ ትለኛለች፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ካሜራዎ በሰው መሀል ይሽከረከራል። በቁሜ ይህን ያህል መወደዴን ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከድንኳኑ ኋላ አግኝቼዎ ምን እየተደረገ ነው ብዬ ብጠይቅዎ፣ «አባባ፣ እውነተኛ እንባ በገንዘብ አይገዛም፤ እባክዎ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ» አሉኝ። ከገዛ ለቅሶው ዘወር በል የተባለ ሰው በዚህ አገር ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሦስተኛው ሁለቱንም ያስረሳኛል። ልጄ ሲና፣ ሀና ማርያም ሰፈር ትኖራለች። እናቷ ካረፈች በኋላ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ግባ ብትለኝ፣ የዘነቡን ቤት ጥዬ አልወጣም በማለቴ ተቀይማኝ ደጄን ከረገጠች ከርማለች። ያን ዕለት ሰው ደውሎ አርድቷት፣ በነጠላ ጫማ፣ አባቴን አባቴን እያለች ከታክሲ ወረደች። እርስዎም ፊቷን ተጠግተው አስቀረጹ። ቀና ስትል እኔን በቁሜ አየችኝ፤ በዚያው ቅጽበት እርስዎ ትከሻዬን አቅፈው ስለ ትብብሬ ሲያመሰግኑኝ ሰማች።

«አባዬ፣ እኔን ለማስመጣት ሞትክ?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ በመጣችበት ታክሲ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

እርስዎ ግን የልጄን ፊት በየሳምንቱ የድራማዎ መግቢያ አደረጉት፤ በመዝጊያውም «ልዩ ምስጋና ለአቶ ደገፋ ገዳ» ብለው አስጻፉ። እንግዲህ አላወቅኩም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? በተሸለሙበት ምሽት ደግሞ ያን እንባ ያገኙት በብዙ ልምምድ መሆኑን ተናገሩ። እርግጥ ነው፤ ሲና አባቷን መውደድ ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትለማመደው ኖራለች።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ፊቷን ከመግቢያው እንዲያነሱ፣ ስሜን ከምስጋናው እንዲያወጡ፣ ከዚያም ሽማግሌ ይዘው ሀና ማርያም ድረስ በመሄድ፣ አባትሽ አያውቅም ነበር፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ እንዲሏት ነው። አጭር ቃል ስለሆነች በቃልዎ ለመያዝ አትከብድዎትም።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ ብድር ነው። እርስዎ ያበደሩኝን ዕዳ ራሴ እወጣዋለሁ። ሪሐና ቤት ክፉም ሆነ ደግ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ። ንፍሮ ለቀቀሉት ሴቶች ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካናቸውን እሸከማለሁ። በንቲን ከእድሩ እንዳያባርሩት ስብሰባው ላይ ቆሜ እማጠንለታለሁ፤ ተታለለ እንጂ አልከዳንም። ልጄም ዘንድ፣ እርስዎ ሄዱም ቀሩም፣ ሀና ማርያም ሄጄ ደጇ ላይ እቆማለሁ። ባትከፍትልኝ በማግስቱም እቆማለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ብዙ ሽልማትና ለመቅመሻ ያህል ትንሽ ኀፍረት እየተመኘሁልዎ፣

በድራማዎ ሟች፣ በመካኒሳ አቦ ነዋሪ የሆንኩት
አክባሪዎ ደገፋ ገዳ

ሳልጽፈው ያለፍኩት፦ እናትዎ ወይዘሮ ፅጌረዳ ለዘነቡ ከልባቸው አልቅሰውልኛልና የእሳቸውም ብድር አለብኝ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው እንጂ፣ ቀኑ የደረሰ ዕለት መጥቼ እከፍላለሁ። እርስዎም ቀረጻ ካልያዘዎ ይምጡ፤ የልጅ ቦታ እንጠብቅልዎታለን።